ኮምፒውተሯን እኔ ያስነሣኋት ጊዜ

ከዚህ በታች በምጽፈው ላይ አንዲት ቃል ብጨምር በሱቄ ያለው ካቻቢቴ ሁሉ ጫፉ ይዶልዱም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ከዚህ የከበደ መሐላ የለኝም።

«ይህቺ ሴትዮ ትንሽ ታበዛለች» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ቅናት ነው። በዚህች ከተማ ካሉት ኮምፒውተሮች ግማሾቹ በእጄ ያለፉ ናቸው፤ የቀሩትም ተራ እየጠበቁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎድሎት ይዋሻል?

ደግሞ ምስክር አለኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ዓይኗ ስለደከመ፣ ጥቂት ጥቂት በጻፍኩ ቁጥር ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እስካሁን ያለውን ሰምታ «እህም» ብላለች። «እህም» በእናቴ ቋንቋ «እውነት ነው» ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። በዐሥር ዓመቴ የሞተች ኮምፒውተር አስነሥቻለሁ፣ አጭበርባሪ እጅ ከፍንጅ ይዣለሁ፣ የአባቴንም ድምፅ ከጠፋበት መልሻለሁ። ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ።

አባቴ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተናጋሪ ነበር። ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሣ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ድምፁን ምን ብዬ ልንገራችሁ! «ተሳፋሪ ቀርቷል» ካለ፣ ወጥቶ ሦስት ኪሎ ሜትር የራቀ ሹፌር ፍሬን ይይዝ ነበር።

«እስከ አጥሩ ነበር የሚሰማው» አለች እናቴ ዓይኗን ከክሯ ሳታነሣ።

ይሁን፣ እስከ አጥሩ። አጥሩ ግን ሩቅ ነበር።

ማታ ማታ ቤት ውስጥ ይለማመዳል። እናቴ የሰው ጽሑፍ የምትተይብባት ኮምፒውተር ነበረች፤ በእሷ ላይ በትንሽ ማይክሮፎን ድምፁን ይቀዳና መልሶ ያዳምጠዋል። ካልጣመው ያጠፋዋል። በራሱ ድምፅ ላይ ደግሞ እንደ እሱ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም አጥፍቶ አንድ ብቻ ቀረ። እሱን ሳያጠፋው፣ አንድ ጠዋት ልቡ እዚያው መስታወት ክፍል ውስጥ ቀጥ አለች። ስምንት ዓመቴ ነበር።

ቅጂው ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ነው። ይህን አላበዛውም፤ ባበዛው ደስ ባለኝ። «የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ከአምስተኛው በር የሚነሣው አውቶቡስ ዐሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ዕቃችሁን አትርሱ፤ የልጆቻችሁን እጅ ያዙ…» ይልና ያቆማል። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ በቤት ድምፁ፣ «በሩን ዝጊማ የኔ ልጅ፤ ጫጫታ እየገባ ነው» ይላል። በር ይዘጋል።

በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከሞተ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ወደ ኮምፒውተሯ እሄዳለሁ። እናቴ ምንም ብትጣደፍ ወንበሩን ትለቅልኛለች። እኔ ስሰማ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሻይ ታፈላለች። ሃምሳ ሁለት ሰከንዱ ሲያልቅ «በይ፣ ተነሺልኝ» ትላለች። ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰው የነበረው በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

ቤቱ የአክስቴ ነበር፤ የአባቴ ታላቅ እህት። እሷ ምድር ቤት፣ እኛ ፎቅ ላይ። አክስቴ የሰው ልብስ በመተኮስ የምትኖር፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ምላሷ ከካውያዋ የማይተናነስ ሴት ነበረች። የቤቱ ሁሉ መብራት በአንድ ፊውዝ ላይ ስለተንጠለጠለ ካውያውና ኮምፒውተሯ አብረው መሥራት አይችሉም፤ ፊውዙ ይወድቃል። ስለዚህ ሕግ ወጣ። አክስቴ ካውያዋን ከመሰካቷ በፊት ከደረጃው ሥር «ካውያ!» ብላ ትጮኻለች። እናቴ ጽሑፏን ካስቀመጠችና ማሽኗን ካጠፋች «እሺ!» ትላለች፤ ካላስቀመጠች «ቆይ!»። ይህ በቀን ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ነው። ሰፈሩ ሰዓቱን በእኛ «ካውያ» ነበር የሚያስተካክለው ብል ማጋነን አይሆንም።

«ይሆናል» አለች እናቴ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የተየበችውን ልታስረክብ ወጥታለች። ኮምፒውተሯ በርታለች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሳጥን መጥታ አዲስ ነገር አለ፣ ልጫን ወይ ብላ ትጠይቃለች። ፊደሉ የባዕድ ቢሆንም «አዎ» የሚለውን ለይቼ አውቀዋለሁ። አሰብኩ። አዲስ ከሆነ ይሻላል፤ ከተሻለ ደግሞ የአባቴ ድምፅ ይጠራል። ምናልባትም ከበሩ መዘጋት በኋላ ያለው ይሰማ ይሆናል። ተጫንኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ። መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ቀንድ አውጣ፣ መሳብ ጀመረች። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ግማሽ ደረሰች።

«ካውያ!» አለች አክስቴ ከታች።

እናቴ የለችም። ትልቅ ሰው የመሆን ዕድል እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ሕጉንም አውቀዋለሁ፤ ጽሑፍ ካለ «ቆይ»፣ ከሌለ «እሺ»። የተጻፈ ነገር ደግሞ የለም፤ ስክሪኑ ባዶ ነው። ድምፄን እንደ እናቴ አቅጥኜ «እሺ!» አልኩ።

ጧ!

ፊውዙን መልሰን ቁልፉን ስንጫን የኮምፒውተሯ ቬንቲሌተር ዞረ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ድምፅ የለም። ብልጭታ የለም። እናቴ መጥታ ዐሥር ጊዜ አጠፋች፣ ዐሥር ጊዜ አበራች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ባልበራው ኪቦርድ ላይ አስቀመጠች፤ የምትተይብ ትመስል ነበር።

«ምን ነክተሽ ነበር?»

«ምንም።»

ለብዙ ዓመት «መብረቅ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለማልኩ ነው እውነቱን የምጽፈው። «እሺ» ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጠጋኙ መጣ። ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ ስሙን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ቁመቱ የኛን በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ፣ ፀጉሩ ጆሮው ላይ ሸበት ያለ፣ ሲናገርም ሲራመድም የማይቸኩል ሰው ነው። በደረቱ ኪስ ሦስት ካቻቢቴ ይሰካል። ሲሠራ በጥርሱ መሐል ያፏጫል፤ ዜማው ይጀምራል እንጂ አያልቅም።

የኮምፒውተሯን ጎን ከፍቶ ተመለከተ። ከዚያ እናቴን ሳይሆን እኔን ጠራኝ።

«ነይ እስቲ። ይህቺ ማሽን ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?»

«ትበራለች።»

«ከመብራቷ በፊት ‹እኔ ማን ነኝ? እጄ የት ነው? ዓይኔ የት ነው?› ብላ ራሷን ትጠይቃለች። መልሱ እዚህች ጥቁር ነገር ውስጥ ተጽፏል።» ከጥፍሬ የማትበልጥ ነገር በካቻቢቴው ጫፍ አሳየኝ። «አዲስ መልስ እየተጻፈላት ሳለ መብራት ጠፋ። አሁን ግማሹን አዲሱን፣ ግማሹን የድሮውን ይዛ ግራ ተጋብታለች። አልሞተችም። ማን መሆኗን ረስታለች።»

«አባቴስ?»

እናቴን አያት። እናቴ ስለ ቅጂው በዝግታ ነገረችው። ሲያዳምጥ ካቻቢቴዎቹን አውጥቶ ጭኑ ላይ ደረደራቸው።

«እሱ ያለው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው» አለኝ፤ ብረት የለበሰውን ሳጥን እየነካ። «አልተነካም። በሩ ነው የተዘጋው።»

በሩ ሲል ፊቴ ጋለ። እንዴት አወቀ ብዬ ፈራሁት። ዛሬ ሳስበው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኔን ጣልኩበት።

በሁለተኛው ቀን ፍላሽ ይዞ መጣ፤ የማሽኗ የድሮ መልስ ተጽፎበታል። ፍላሹን ሰክቶ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ያዘና አበራት። ቬንቲሌተሩ ጮኸ፤ አንዴ ጠፋች፤ ራሷ ተመልሳ በራች፤ ስክሪኑ ነጋ። ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ዕቃችሁን አትርሱ፤ የልጆቻችሁን እጅ ያዙ…» እናቴ ያን ቀን ሻይ አላፈላችም፤ ቆማ ሰማች። ጠጋኙም ቆመ። «በሩን ዝጊማ የኔ ልጅ» ሲል ጠጋኙ ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ በእርግጥ ክፍት መሆኑን ያኔ ነው ያየነው። ሄዶ ዘጋው።

ታሪኩ እዚህ ባለቀ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ደግሞ እምቢ አለች» አለችኝ።

ተጠራ፤ መጣ። በዚህኛው ቀን ማሽኗ ዝም አላለችም። ቁልፉ ሲነካ ታለቅሳለች፤ ረዥም፣ ረዥም፣ ረዥም። ጠጋኙ ሰማት። ጎኗን ከፈተ፤ ውስጧን አየ። ከዚያ ለረዥም ጊዜ ምንም ሳይነካ ቁጭ አለ።

«ምን ሆናለች?» አለች እናቴ።

«ቀስ ብዬ ማየት አለብኝ።»

«ቀስ ብለው ይዩ» አለች እናቴ።

አሁን በሙያዬ ልናገር። ማን መሆኗን የረሳች ማሽን አታለቅስም፤ ለማልቀስም ማን መሆንን ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲያ ረዥም ረዥም የምታለቅስ ማሽን ራም የምትባለው ክፍሏ ከቦታዋ የተነቀነቀችባት ናት፤ የጣት እርዝማኔ ያላት፣ ማሽኗ ለጊዜው ነገር የምትይዝባት ቀጭን ሰሌዳ። ደንበኛ እንዲህ ያለ ማሽን ሲያመጣልኝ በሁለት ደቂቃ እሠራዋለሁ፤ ገንዘብም አልቀበልም። «ቀስ በቀስ» ግን ሁለት ሰዓት ፈጀበት። በማግሥቱም እምቢ አለች፤ ሁለት ሰዓት። በማግሥቱም። እንዲህ እያለ ዐሥራ አምስት ቀን ቆየ።

«ዘጠኝ» አለች እናቴ።

«ዐሥራ አምስት ነው እማ።»

«ዘጠኝ ነው። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።»

ዘጠኝ ይሁን።

እነዚያን ዘጠኝ ከሰዓት በኋላዎች ምን ልበላችሁ! ንዴቴ ሰማይ ነክቶ ነበር። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ አባቴ የለም፤ ማሽኗ ሆዷ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች፤ ሰውየው ያፏጫል። እስኪመሽ ልጠብቅ ነው። እሱ ደግሞ ጊዜውን የሚሞላው በማስተማር ነው። «ነይ ይቺን ያዢልኝ። ይቺ ምንድን ናት? ይቺስ?» ራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይ፤ ሁሉንም ስማቸውን የለቀምኩት ከአፉ ነው። አንዴ በችኮላ ገመድ በግድ ልሰካ ስል እጄን ያዘኝና «ፊውዝ!» አለኝ። «ስምሽ ፊውዝ ነው። ቶሎ ትወድቂያለሽ።» ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም አልጠራኝም። ከኪሱ ሦስት ካቻቢቴዎች ትንሿን፣ እጀታዋ ቢጫ የሆነችውን፣ «ይቺ ያንቺ ትሁን» አለኝ። እየጠላሁት ተቀበልኩት። እስካሁን አለች፤ ሱቄ ውስጥ ማንም አይነካትም።

እናቴም ተለወጠች። ሥራ የለ፣ ማሽን የለ፤ መቆዘም ሲገባት ፀጉሯን ጠዋት ታጥባለች። ሰውየው ሲሠራ እሷ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ሰማያዊ ነበር። ምን እንደሚያወሩ እሰማለሁ እንጂ አይገባኝም። አንዴ እሷ «የማይድን ነገርም አለ» አለች፤ እሱ «ሳይሞክሩ አይታወቅም» አላት። ስለ ማሽኗ መስሎኝ «ይድናል!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ሳቁ። እናቴ ስትስቅ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ስለነበር ደነገጥኩ፤ ሳቋ እንደዚያ ጮክ ያለ መሆኑን ረስቼው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሰውየው እናቴን «እርስዎ» ማለት ትቶ «አንቺ» አላት። «ቀዝቅዞብሻል፤ ሻይሽን ጠጪ» አለ፤ ልክ እንደዚህ። ድፍረቱ አናደደኝ። ማሽን መጠገን ያቃተው ሰው በማን አንጀት ነው እናቴን አንቺ የሚለው? ወደ አክስቴ ወርጄ ከሰስኩት።

አክስቴ ካውያዋን አቆመች። «አንቺ አላት?»

«ሻይሽን ጠጪ አላት።»

«እሷስ?»

«ጠጣች።»

አክስቴ የሰው ሸሚዝ እጅጌ አጥፋ ካውያዋን ጫነችበት፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ» አለች። «የዚህኛው እንቁላል እስከ ፎቅ ወጥቷል። ያቺ ማሽን እኮ በሽታዋ የሚነሣባት ሐኪሟን ስትናፍቅ ነው።»

ማሽን ይናፍቃል ወይ ብዬ ስጠይቃት «ሂጂ ወዲያ፣ ጉደኛ!» አለችኝ።

እንግዲህ የኔ ብልኅነት የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። በዘጠነኛው ቀን ሰውየው ማሽኗን ከፍቶ እጁን ሊታጠብ ወጣ። አንገቴን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ራሟ በአንድ ጎኗ ከቦታዋ ተነሥታለች። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ነበረች፤ ራሱ ሲመልሳት አይቼዋለሁ። የያዣዋ ጥርስ ላይ ደግሞ አንዲት ብጣሽ ክር ተይዛለች፤ ሰማያዊ፣ የሱፍ ክር። ከመጥረጊያ ጨርቁ የረገፈች መሰለችኝ። ነገሩ ሁሉ በአንዴ በራልኝ። ማሽኗን ከእሱ በቀር የሚከፍታት የለም። ሲሄድ አላልቶ ይሄዳል፤ ሲመጣ አጥብቆ ይሠራል። አባቴን ሁለት ሁለት ሰዓት የሚያስረው እሱ ነው!

ደግሞም፣ ስለማልኩ፣ ሌላም ነገር ነበር። ጥፋቱ የእሱ ከሆነ የኔ «እሺ» ይረሳል።

«አክስቴ!» ብዬ በደረጃው ጮህኩ። «ነይ እዪ! ያዝኩት!»

አክስቴ ካውያዋን ነቅላ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጣች። እናቴ ሹራቧን ይዛ ቆመች። ሰውየው እጁ ውኃ እያንጠባጠበ ከበሩ ላይ ደረሰ።

«እሱ ነው የሚያላላው!» አልኩ፤ ጣቴን ቀስሬ። «በየቀኑ! ማሽኗ ደኅና ናት፤ እሱ ነው! ይኸው ክሩ፣ ከጨርቁ!»

ክሩን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁ። ሰውየው ክሩን አየ። ከዚያ እናቴን አያት። ለረዥም ጊዜ ነው ያያት፤ እኔ እንደ አጭበርባሪ የተደናገጠ መስሎኝ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነበር። እናቴ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጭ ሆነ።

«እውነት ነው?» አለች አክስቴ፤ እሱን ሳይሆን እናቴን እያየች። «ማነው የሚያላላው? እስቲ ይነገረኝ፤ ወንድሜ የኖረበት ቤት ነው።»

እናቴ አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አለ ሰውየው ቀድሞ። «ልጅቷ ልክ ናት። እኔ ነኝ የማላላው።»

«ለምን?» አለች አክስቴ።

«ሥራ የለኝም እትዬ። ቤቱም ይሞቃል።»

ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ። ክሯን ከመዳፌ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተታት፤ ማስረጃ ማጥፋቱ ነው አልኩ። «ጎበዝ ነሽ፣ ፊውዝ» አለኝ። «አሁን ራስሽ መልሺያት። በሁለቱም አውራ ጣት፣ እኩል። ቀጭ እስክትል። ቀስ ብለሽ።»

በሁለት አውራ ጣቴ ተጫንኩ። ቀጭ! ቁልፉን ነካሁ። አላለቀሰችም። ስክሪኑ ነጋ።

ሰውየው ሁለቱን ካቻቢቴዎች ኪሱ ሰክቶ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ አልፎ፣ በደረጃው ወረደ። ሲወርድ አላፏጨም። እኔ ግን ያን ሁሉ የት ሰምቼው፤ ፋይሉን ከፍቼ ድምፁን እስከ መጨረሻ ጮክ አድርጌዋለሁ። «የተከበራችሁ መንገደኞች!» አባቴ ገና ሳይመሽ፣ ያለ ማንም ጥገና፣ በእኔ እጅ ተመለሰ። እናቴ መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ መንገዱ ዞረች። ዝምታዋን አድናቆት ነው አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኗ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብላ አታውቅም። አንድ ቀን! ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል? ሰውየውን ሰፈሩ ውስጥ ያየው የለም፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ አሉ። እኔም ይኸው በዚያች በቢጫዋ ካቻቢቴ ጀምሬ እዚህ ደረስኩ። አንዳንዴ ሱቅ ስዘጋ፣ ጥርሴ መሐል የማያልቅ ዜማ ሳፏጭ ራሴን እይዘዋለሁ፤ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ። አንዳንዴም ማሽን ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ ከመስኮቱ ሥር ሰው ቢቀመጥ፣ ሻይም ቢቀዘቅዝ እላለሁ። ብቻ አጭበርባሪ አጭበርባሪ ነው፤ ይዤዋለሁ።

እስከዚህ ጽፌ አነበብኩላት። «እህም» እስክትል ጠበቅኩ። አላለችም። የሹራብ መርፌዎቿ ቆመዋል።

«እማ? ያጋነንኩት አለ?»

«ራሟን የመለስሻት አንቺ ነሽ» አለች። «ያ እውነት ነው።»

«ታዲያ?»

«ሰውየው ግን አንድ ቀንም አላላላም።» ጭኗ ላይ ያለውን ክር በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። «ጠዋት አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ ነኝ የማላላው። በሁለተኛው ቀን ለኔም እንዳንቺው የራሟን ስምና ቦታ ነግሮኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲከፍታት አወቀ። ምንም አላለም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አክስትሽ ቆማ ነበር።»

መርፌዎቿን አነሣች፤ አንድ ረድፍ ያህል ሠራች።

«ልናገርም ነበር» አለች። «ደረጃውን ሲወርድ ልጠራው ነበር። ያኔ አባትሽን ከፈትሽው። ፊትሽን አየሁት፤ በጣም ደስ ብሎሽ ነበር።»